«ሥጋ አልበላም» ያለ ሙስሊም



በአገራችን አንድ ሰው ገበታ ላይ ቀርቦ «ሥጋ አልበላም» ቢል፣ የሰሚው የመጀመሪያ ጥያቄ ስለ ጤናው ሳይሆን ስለ ሃይማኖቱ ነው። ረቡዕና ዓርብ፣ ዐቢይ ጾምና ፍልሰታ ለኦርቶዶክስ ክርስቲያን ወገኖቻችን ሥጋ፣ ወተት፣ ቅቤና እንቁላል የማይቀመሱባቸው ቀናት ናቸው። በእኛ በሙስሊሞቹ ዘንድ ግን ጾም ማለት ከጎሕ መቅደድ እስከ ፀሐይ መጥለቅ ከምግብም ከውኃም መታቀብ እንጂ ምግብ መለየት አይደለም። ስለዚህ ሥጋን የተወ ሙስሊም በሁለቱም በኩል ግራ ያጋባል። ክርስቲያን ጎረቤቱ «ዛሬ ደግሞ የምን ጾም ነው?» ይለዋል። ዘመዱ በበኩሉ በሹክሹክታ «ምን ነክቶት ይሆን?» ይላል።

የዚህን ወር ዓምዳችንን ለዚህ ጉዳይ የሰጠነው በባሕር ዳር ከተማ በቅርብ የምናውቀው አንድ ቤተሰብ በዚሁ ምክንያት ለወራት ሲቸገር በማየታችን ነው። አባትየው በንግድ የኖሩ፣ ዕድሜያቸው ወደ ስድሳ የተጠጋ ሰው ናቸው። የእግራቸው አውራ ጣት መገጣጠሚያ ሌሊት ሌሊት እየቀላና እንደ እሳት እየፈጀ እንቅልፍ ይነሳቸው ጀመር። ሲመረመሩ ሪህና የደም ግፊት ተገኘባቸው። ሐኪሙ መድኃኒት አዘዘላቸውና ቀይ ሥጋን እንዲቀንሱ፣ ጉበት፣ ኩላሊትና ዱለትን ደግሞ ጨርሰው እንዲተዉ መከራቸው። እሳቸው ግን «ትንሽ ትንሽ ካልኩማ ተመልሼ እገባበታለሁ» ብለው ሥጋን በጠቅላላ ለመተው ወሰኑ።

ውሳኔው ለእሳቸው ቀላል ነበር፤ ለቤቱ ግን ቀላል አልሆነም። ታላቅ ወንድማቸው «አላህ ሐላል ያደረገልህን አንተ ምን ቤት ነህ በራስህ ላይ የምትከለክለው?» ሲሉ ተቆጧቸው። ባለቤታቸው በየቀኑ ሁለት ድስት መጣድ ግድ ሆነባቸው። የ15 ዓመት ልጃቸው ደግሞ «እኔም ከአባባ ጋር ነኝ» ብላ ሥጋውንም፣ ወተቱንም፣ እንቁላሉንም በአንድ ቀን ተወች። ይህ ሁሉ ሲሆን የአረፋ በዓል እየቀረበ ነበር። እንዲህ ያለው ጥያቄ የዚህ ቤት ብቻ ስላልሆነ፣ አላህ (ሱ.ወ) ቢፈቅድ ነገሩን ከሃይማኖትም ከጤናም አንጻር አንድ በአንድ እንመለከተዋለን።

ሐላልን መተውና ሐላልን ሐራም ማድረግ

የታላቅ ወንድምየው ቁጣ ከባዶ የተነሣ አይደለም። በሱረቱል ማኢዳህ 87ኛው አንቀጽ አላህ (ሱ.ወ) ምእመናን የፈቀደላቸውን መልካም ነገሮች በራሳቸው ላይ እርም እንዳያደርጉ ከልክሏል። በሱረቱ ተሕሪም መጀመሪያም ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ራሳቸው የተፈቀደላቸውን ነገር በራሳቸው ላይ በመከልከላቸው ተወቅሰዋል። በቡኻሪና ሙስሊም እንደተዘገበው ነገሩ ማር ነበር። እንደገናም ከሰሃቦች ጥቂቶቹ ዒባዳቸውን ለማብዛት ብለው አንዱ እንዳያገባ፣ ሌላው ሥጋ እንዳይበላ፣ ሦስተኛው ፍራሽ ላይ እንዳይተኛ ለራሳቸው ወስነው ነበር። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ይህን ሲሰሙ አልወደዱላቸውም፤ ከሱንናቸው የራቀ ከእሳቸው እንዳልሆነም ነግረዋቸዋል። ይህ በሙስሊም ሐዲስ ስብስብ ውስጥ ይገኛል።

እንግዲህ ሥጋ አለመብላት ወደ አላህ ያቃርበኛል ብሎ የሚተው፣ ወይም የሚበላውን ሰው በኃጢአተኛ ዓይን የሚያይ ሙስሊም ከእነዚህ መልእክቶች ጋር ይጋጫል። የእኛ ነጋዴ ግን ይህን አላሉም። ሥጋ ሐላል መሆኑን ያምናሉ፤ ለልጆቻቸው ይገዛሉ፤ ለእንግዳ ያቀርባሉ። የተዉት ሰውነታቸው ስላልቻለው ብቻ ነው።

ለዚህ የሚሆን ምሳሌም በሱንናው ውስጥ እናገኛለን። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የበረሃ እንሽላሊት ጥብስ ቀርቦላቸው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሐራም መሆኑን ሲጠየቁ ሐራም እንዳልሆነ፣ ነገር ግን በወገኖቻቸው አገር ያልለመዱት ስለሆነ ነፍሳቸው እንዳልወደደው ገለጹ። ኻሊድ ኢብኑል ወሊድ (ረ.ዐ) ደግሞ ያንኑ ምግብ ወደ ራሳቸው ስበው እሳቸው እያዩ በሉ። በአንድ ገበታ አንዱ በልቷል፣ ሌላው ትቷል፤ ማንም ማንንም አልነቀፈም። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) ምግብን ነቅፈው እንደማያውቁ፣ ከወደዱት እንደሚበሉ፣ ካልወደዱትም ዝም ብለው እንደሚተዉት አቡ ሁረይራ (ረ.ዐ) አስተላልፈዋል። ያልለመዱትን መተው ከተፈቀደ፣ ሐኪም ይጎዳሃል ያለውን መተው እንዴት አይፈቀድም?

በተጨማሪ፣ ሥጋ በየቀኑ መብላት የእስልምና መለያ የሚመስላቸው ወጣቶች የነብዩን (ሰ.ዐ.ወ) ቤት ያስታውሱ። እናታችን ዓኢሻ (ረ.ዐ) ወራት አልፈው ወራት ሲተኩ በቤታቸው እሳት እንደማይነድ፣ ምግባቸውም ተምርና ውኃ እንደነበር ተናግረዋል። ዑመር ኢብኑል ኸጣብ (ረ.ዐ) ደግሞ ሥጋ እንደ መጠጥ ሱስ የሚያስይዝ መሆኑን አንስተው ማስጠንቀቃቸውን ኢማሙ ማሊክ በሙወጠእ ዘግበዋል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የፍየልና የበግ ወርች ይወዱ ነበር፤ ዱባም ይወዱ ነበር። ሁለቱም በሱንናው ውስጥ አለ።

ሕክምናው ምን ይላል?

በመጀመሪያ አንድ ሐቅ እንመን። ለአብዛኛው የገጠር ወገናችን ሥጋ የዓመት በዓልና የሰርግ ምግብ ነው። «ሥጋ ቀንስ» የሚለው ምክር ለእሱ አይደለም። ምክሩ የሚመለከተው ጠዋት ዱለት፣ ቀን ጥብስ፣ ማታ ቅቅል ማግኘት የሚችለውን፣ ቀኑን ወንበር ላይ ወይም መኪና ውስጥ የሚውለውን ከተሜ ነው።

ሪህ የሚመጣው ዩሪክ አሲድ የሚባል ነገር በደም ውስጥ ሲበዛና በመገጣጠሚያ ውስጥ እንደ ስለታም ጠጠር ሲረጋ ነው። እ.ኤ.አ በ2004 የወጣ አንድ የአሜሪካ ጥናት ከ47,000 በላይ ወንዶችን ለ12 ዓመታት ተከታትሎ ሥጋና የባሕር ምግብ የሚያበዙ ሰዎች ለሪህ ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። ምስር፣ ባቄላና ቅጠላ ቅጠል ግን አደጋውን አልጨመሩም። ቅባቱ የወጣለት ወተት እንዲያውም ቀንሶታል። በአገራችን «ሪህ ካለብህ ጥራጥሬ አትንካ» ተብለው ምግብ ያጡ ብዙ ሰዎች ስላሉ ይህን ልብ ማለት ይገባል። ስኳር የበዛባቸው ለስላሳ መጠጦችም ዩሪክ አሲድን ይጨምራሉ። በየሰርጉ ሥጋውን ትቶ ሦስት ጠርሙስ ለስላሳ የሚጠጣ ሰው ከአንዱ ሸሽቶ ወደ ሌላው ሄዷል ማለት ነው።

በጥቅምት 2008 ዓ.ም ደግሞ በዓለም ጤና ድርጅት ሥር ያለው የካንሰር ምርምር ተቋም፣ እንደ ቋሊማ ያሉ በፋብሪካ የተቀነባበሩ ሥጋዎች የአንጀት ካንሰር እንደሚያመጡ፣ ቀይ ሥጋም ሳያመጣ እንደማይቀር አስታውቋል። ይህ ማለት አንድ ቁራጭ ጥብስ ይገድላል ማለት አይደለም። ጉዳዩ የመጠንና የዘወትር ልማድ ነው።

ስለ ጥሬ ሥጋም አንድ ቃል እንበል። በሙስሊም ቤቶችም የሚወደድ ምግብ መሆኑን እናውቃለን። ነገር ግን የኮሶ ትል ከከብት ወደ ሰው የሚገባው በዚሁ በጥሬው ወይም በለብለቡ ሥጋ ነው። አያቶቻችን በየጊዜው የኮሶ ዛፍ አበባ እየጠጡ ያስወጡት ነበር፤ መድኃኒቱ ራሱ ሲበዛ መርዝ ነው። ሥጋን ጨርሶ መተው ያልፈለገ ሰው ቢያንስ በሚገባ አብስሎ ይብላ።

ከሐይቁ ዳር ምን ይገኛል?

ሥጋ የተወ ሰው «ታዲያ ምን ልብላ?» ይላል። በጣና ዳርቻ ለሚኖር ሰው ይህ ከባድ ጥያቄ አይደለም። ደንቢያና ፎገራ የሽምብራ፣ የምስርና የሽንኩርት አገር ናቸው፤ ፎገራ በሩዙም በወተት ላሙም የታወቀ ነው። በባሕር ዳር ገበያ ጎመኑ፣ ዱባው፣ ማንጎው፣ ፓፓያው፣ ሎሚው አይጠፋም። ጤፍ ብረትና ካልሲየም አለው። እንጀራ ከሽሮ ወይም ከምስር ጋር ሲበላ አንዱ የጎደለውን ሌላው ስለሚሞላ ሰውነት የሚገነባበትን ፕሮቲን ያገኛል። ጠዋት ፉል፣ ቀን ሽሮ፣ ማታ የዱባ ወጥ የበላ ሰው አልተራበም።

ክርስቲያን ወገኖቻችን የሚያዘጋጁት የጾም በያይነቱም ያው ምስር፣ ሽሮና ጎመን ነው። ሽሮ ሃይማኖት የላትም። በዕርድ ጉዳይ ለሚጠነቀቅ ሙስሊም መንገደኛ እንዲያውም ይህ የሚያሳርፍ ምግብ ነው። ሆኖም «የጾም» የተባለ ሁሉ ለጤና ይስማማል ማለት አይደለም። በሚረጋ የፓልም ዘይት የተንቦጫረቀና ጨው የበዛበት ወጥ ለልብና ለደም ግፊት ከሥጋው አይሻልም። የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ እንደ ሞራ የሚረጋ ቅባት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአንድ አዋቂ በቀን ከ5 ግራም፣ ማለትም ከአንድ የሻይ ማንኪያ ያነሰ ጨው ብቻ ይመክራል። በርበሬው ውስጥ ያለው ጨውም ከዚሁ ይቆጠራል።

በጣና ዳር ኗሪዎች ዘንድ በተለይ ልንጠነቀቀው የሚገባ አንድ ጥራጥሬ አለ፤ እሱም ጓያ ነው። ጓያ ድርቅንም ውኃ የተኛበትን መሬትም ስለሚችል የድሃ ገበሬ መከታ ሆኖ ኖሯል። ይሁንና ለወራት ዋና ምግብ ሲሆን በውስጡ ያለው መርዝ የእግርን ነርቭ ጎድቶ ሰውን እስከ ዕድሜ ልኩ ያሽመደምዳል። በ1969 ዓ.ም በደንቢያና በፎገራ በዚህ ምክንያት ወረርሽኝ ደርሶ ነበር፤ በሽታው ይበልጥ የሚያጠቃውም ወጣት ወንዶችን ነው። በኋላ የተደረጉ የአገራችን ጥናቶች ጓያን በእሸቱ፣ በቆሎና በንፍሮ መልክ ማዘውተር አደጋውን እንደሚጨምር፣ ከእህል ጋር ቀላቅሎ መብላት ደግሞ እንደሚቀንሰው አመልክተዋል። ስለዚህ ሥጋ ትታችሁ ጥራጥሬ የምታዘወትሩ ሁሉ ሽሮአችሁ ከምን እንደተፈጨ ጠይቁ። ከገበያ የተፈጨ ከመግዛት ሽምብራውንና አተሩን ለቅሞ፣ ቆልቶ ማስፈጨት ይሻላል።

ከዚያ ቀጥሎ ዓሣ አለ። ጣና 3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ የሚሰፋ፣ የአገራችን ትልቁ ሐይቅ ነው። ቆሮሶው፣ አምባዛውና ነጭ ዓሣው ከዚሁ ይወጣል። ከደንገል በተሠራ ታንኳ ሐይቁን መቅዘፍ ሙስሊም የሆኑት የነገደ ወይጦ ወገኖቻችን ከአባት ወደ ልጅ ያስተላለፉት ጥበብ ነው። አላህ (ሱ.ወ) በሱረቱ ነሕል 14ኛው አንቀጽ ከውኃ የሚገኘውን ትኩስ ሥጋ እንደ ጸጋ ቆጥሮልናል። ዓሣ ዕርድ ስለማይሻ ማንም ያጥምደው ማን ለሙስሊም ሐላል ነው። ሥጋን በልብ ወይም በግፊት ምክንያት ለሚቀንስ ሰው በጥቂት ዘይት የተሠራ ዓሣ መልካም ምትክ ነው። ሪህ ላለበት ግን ዓሣም ዩሪክ አሲድ ስለሚጨምር በልክ ይሁን። ሐይቁንም እንደ አማና እንየው። ከ2004 ዓ.ም ገደማ ጀምሮ እምቦጭ ወርሮታል፤ ነጭ ዓሣም በክረምት እንቁላል ሊጥል ወደ ወንዞች ሲወጣ መንገድ ላይ ስለሚጠመድ ዘሩ ተመናምኗል።

ልጆች የአዋቂ ውሳኔ አይሸከሙ

ወደ ልጅቱ እንመለስ። በፍቅር የተነሣ አባቷን ተከትላ ሁሉንም ነገር በአንድ ጊዜ ተወች። እናቷ መጀመሪያ ላይ ደስ አላቸው፤ አንድ ድስት ቀነሰላቸውና። ከወራት በኋላ ግን ልጅቱ ደረጃ ስትወጣ ትንፋሿ ይቆራረጥ፣ ክፍል ውስጥ ራሷን ያዞራት ጀመር። ደሟ ሲመረመር የደም ማነስ ተገኘ። የብረት እንክብል ታዘዘላት፤ እንቁላልና ወተትም ወደ ገበታዋ ተመለሱ፤ አልሐምዱሊላህ ዛሬ ደህና ናት።

አባትየውን ያልጎዳው ልጅቱን ለምን ጎዳት? የስድሳ ዓመት ሰው ማደጉን ጨርሷል። የ15 ዓመት ልጃገረድ ግን ገና ታድጋለች፤ በየወሩም ደም ይፈሳታል። የሚያስፈልጋት ብረት ከአባቷ ይበልጣል። በጥራጥሬና በጎመን ውስጥ ያለው ብረት ደግሞ እንደ ሥጋው በቀላሉ ወደ ደም አይገባም። ምግቡ ላይ ሎሚ፣ ቲማቲም ወይም ጥሬ ቃሪያ መጨመር ይረዳዋል። ከምግብ ጋር ወይም ወዲያው የሚጠጣ ቡናና ሻይ ግን ያግደዋል። እንግዲህ ቡናችንን ቢያንስ ለአንድ ሰዓት እናዘግየው።

ሌላው ቫይታሚን ቢ12 ነው። ይህ ቫይታሚን ለደምና ለነርቭ የግድ ያስፈልጋል፤ በአትክልትና በጥራጥሬ ውስጥ ግን የለም። ከሥጋ፣ ከዓሣ፣ ከእንቁላልና ከወተት ብቻ ይገኛል። ጉበታችን ለዓመታት የሚበቃ ስንቅ ስለሚይዝ ጉድለቱ ቶሎ አይታወቅም። ሲመጣ ግን በእግር መደንዘዝ፣ በድካምና በመርሳት ይገለጣል። ሥጋ ትቶ እንቁላልና ወተት የሚጠቀም ሰው እምብዛም አይሰጋም። ሁሉንም የተወ ሰው ግን ቫይታሚኑን በእንክብል መውሰድ አለበት። ነፍሰ ጡሮች፣ የሚያጠቡ እናቶችና ሕፃናት ሐኪም ሳያማክሩ እንዲህ ያለ ውሳኔ አይወስኑ። የግፊት ወይም የስኳር መድኃኒት የሚወስድም «ሥጋ ትቻለሁና ድኛለሁ» ብሎ መድኃኒቱን በገዛ እጁ አያቋርጥ።

አረፋና ሰርግ ሲመጣስ?

ባለቤታቸውን ይበልጥ ያስጨነቃቸው ይህ ነበር። አባወራው ካልበላ በግ ይታረዳል ወይ? መልሱ ግልጽ ነው። ኡድሒያ ለቻለ ሰው በሐነፊ መዝሀብ ዋጂብ፣ በሻፊዒይና በሌሎቹ ብዙኃን ዑለማ ዘንድ የጠበቀ ሱንና ነው። ዕርዱ ለአላህ እንጂ ለሆድ አይደለም። ሱረቱል ሐጅ 37ኛው አንቀጽ ወደ አላህ የሚደርሰው ሥጋውና ደሙ ሳይሆን የባሪያው ተቅዋ መሆኑን ያስተምረናል። ካረደው መብላት በአብዛኞቹ ዑለማ ዘንድ የተወደደ እንጂ ግዴታ አይደለም። ስለዚህ ሥጋ የተወ ሰው ያርዳል፤ ቤተሰቡን ያበላል፤ ከዓመት ዓመት ሥጋ ለማያይ ጎረቤትም ያካፍላል። እንዲያውም የእሱ ድርሻ ለሚስኪኑ ትርፍ ይሆናል። ሪህ ወይም ግፊት እያለበት ለሱንናው ብሎ አንድ ጉርሻ መቅመስ የፈለገም ሐኪሙን ይጠይቅ፤ አንድ ጉርሻና አንድ ሳህን እኩል አይደሉም።

ለሰርግ ጥሪም ሱንናው መንገድ ከፍቶልናል። ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ) የተጠራ ሰው ጥሪውን እንዲያከብር፣ ከፈለገ እንዲበላ፣ ካልፈለገም እንዲተው ነግረውናል። ከሰርግ መቅረት ዝምድናን ይጎዳል፤ አለመብላት ግን አይጎዳም። በር ላይ ለአስተናጋጁ «ሐኪም ከልክሎኛል፤ ያለውን ሽሮ ስጡኝ» ማለት ይበቃል። ደጋሾችም ብትሆኑ «ለእኔ ሞት፣ ይቺን ብቻ» እያላችሁ የታመመን ሰው አታስጨንቁ። እንግዳን ማክበር እሱ የሚችለውን ማቅረብ ነው።

ለቤት እመቤቶችም አንድ ቃል አለን። ሁለት ድስት መጣድ አይገባችሁም። ሽሮው፣ ምስሩና ጎመኑ ለሁሉም አንድ ላይ ይሠራ፤ ሥጋው ለሚበሉት በትንሽ መጥበሻ ለብቻው ይጨመር። በረመዷን ሾርባውን በአጃና በአትክልት ሠርቶ ሥጋውን ለየብቻ መጨመር፣ ሳምቡሳውን በምስር መሙላትም ይቻላል። ውሳኔውን የወሰነው አባወራም ጓዳ ገብቶ ሽንኩርት ቢከትፍ ክብሩ አይቀንስም፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ቤተሰባቸውን በቤት ሥራ ያግዙ ነበርና።

ወጣቶች ሆይ! ከመካከላችሁ ሥጋ የተወ ሰው ብታዩ ከመፍረዳችሁ በፊት ጠይቁት። እናንተም ለመተው ብትወስኑ ሦስት ነገር አስቀድሙ። ኒያችሁን አስተካክሉ፤ ሐላሉን ሐራም አትበሉ። ሐኪም አማክሩ፤ የሰው ወሬ ተከትላችሁ አትነሡ። የምትተዉትን ብቻ ሳይሆን የምትተኩበትን አስቡ። ጥራጥሬውም ሲበዛ ያው ነው፤ ነብያችን (ሰ.ዐ.ወ) ለምግብ የፈቀዱልን የሆዳችንን ሲሶ ነው፤ ሲሶው ለመጠጥ፣ ሲሶው ለትንፋሽ ነው። ይህን የጠበቀ ሰው ሥጋ ቢበላም ባይበላም ከብዙ ሕመም ይድናል።

ሰውነታችን አላህ (ሱ.ወ) በአደራ የሰጠን ነው፤ በቂያማ ቀንም እንጠየቅበታለን። በጤና የምንሰግድበት፣ የምንሠራበትና ልጆቻችንን የምናሳድግበት ያድርግልን። ለታመሙት ሺፋውን ያውርድላቸው። አሚን።

ወሰላሙ ዐለይኩም ወረሕመቱላሂ ወበረካቱህ።